ጠጠር ቆጣሪው ሸንጎ

ተረት ተረት በሉና ስሙ። ተረት ነውና አውሬውም ከብቱም ያወራል፤ ቀኑና ቦታው ግን ተረት አይደለም።

ከደብረ ታቦር ወጥቶ፣ ጋሳይንና ክምር ድንጋይን አቋርጦ ወደ ነፋስ መውጫ በሚዘልቀው የቻይና መንገድ ዳር ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ጉና የሚባል ተራራ አለ። ርብና ጉማራ ከሱ ተነሥተው ጣና ይገባሉ። ድንቹና ገብሱ እግሩ ሥር ይበቅላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጭጋጉ ሲወርድ የገዛ ኮቴን ማየት ይቸግራል። በዚህ ተራራ ወገብ ላይ የአራዊትና የእንስሳት ሸንጎ ነበረ። ሰብሳቢው ፊታውራሪ ጭላዳ ነው፤ ደረቱ ቀይ፣ ጎፈሩ ረጅም፣ ንግግሩ ከጎፈሩ የረዘመ። ጸሐፊው አያ ቁራ ነው፤ የሌላውን ውድቀት ቀኑንና ሰዓቱን ሳይስት ይይዛል፤ የራሱን ግን አንድ ጊዜ እንኳ ጽፎት አያውቅም።

ዳማ የምትባል በቅሎ የዚህ ማኅበር ጭነት ተሸካሚ ነበረች። የጉናን ድንች ጋይንት አድርሳ በመልሱ ባቄላ ትጭናለች። “ዳማ ካለች ገደሉ ሜዳ ነው” ይባልላት ነበር። ብርድ አይመልሳትም፣ ጭቃ አያቆማትም። ማታ ጭነቷ ሲራገፍ ሁሉም ወደ ጆንያው ይሮጣል እንጂ ወደ ጀርባዋ የሚያይ አልነበረም።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ከምሥራቅ በኩል መጣ። ነፋስ መውጫ ከነሐሴ 6 እስከ 15 ቀን በሕወሓት ተዋጊዎች እጅ ቆየች። በነዚያ ቀናት የሆነውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ባወጣው ዘገባ መዝግቦታል፤ 16 የከተማዋ ሴቶች ተደፍረናል ብለው ቃላቸውን ሰጥተዋል፤ የጤና ተቋማቱ ተዘርፈው ስለነበር ሲፈልጉት ሕክምና አላገኙም። በዚያ ጦርነት ስለ ሌሎች ወገኖችም እንዲህ ያለ ዘገባ ተጽፏል። ደብረ ታቦርም በዚያው ወር በከባድ መሣሪያ ተመታች። ከተማዋ ስሟን የምትጋራው በዓል፣ እኛ ቡሄ የምንለው፣ ነሐሴ 13 ነውና ያን ዓመት ከነዚያ ቀናት መካከል ዋለ።

ዳማ ያን ሰሞን ድንቿን ይዛ ነፋስ መውጫ ነበረች። ያየችውንና የደረሰባትን ለማንም አልተናገረችም፤ ተረት ነጋሪውም አያውቀውም፤ ቢያውቅም አይናገረውም። ብቻዋን፣ ያለ ጭነት፣ በሌሊት ተመለሰች።

ከዚያ ወዲያ ዳማ ዳማ አልሆነችም። ሌሊቱን ቆማ ታነጋለች። ከክምር ድንጋይ ወዲያ አትሄድም። የጭነት ገመድ ሆዷን ሲነካት ላብ ያጠምቃታል። ሣር በአፏ ይዛ ማኘኩን ትረሳለች። ጎረቤት መጀመሪያ አዘነ፣ ቀጥሎ መከረ፣ ቀጥሎ ሰለቸ። በኛ አገር ሐዘን አርባ ቀን፣ ቢበዛ እስከ ሙት ዓመት ይፈቀዳል። ከዚያ ያለፈበት “በቃ እንግዲህ” ይባላል፤ “በቃ”ውን የሚለው ደግሞ ሁልጊዜ ያልደረሰበት ነው።

ዓመት ዞረና የ2014 ቡሄ ደረሰ። ልጆች ችቦ አብርተው፣ ሆያ ሆዬ እያሉ ከበረት በረት ሲዞሩ፣ አንድ ግልገል ጭላዳ ከቃጫ የተገመደ ጅራፉን ከዳማ ጀርባ አጮኸው። ጅራፍ የቡሄ ወግ ነው፤ በታቦር ተራራ የተሰማውን ድምፅ ያስታውሳል ይላሉ አባቶች። ዳማን ያስታወሳት ሌላ ነው። ማሰሪያዋን በጠሰች፣ የሙልሙሉን መሶብ ረገጠች፣ ጭጋጉ ውስጥ ገባች። ሦስት ቀን ተፈልጋ በጉና አናት፣ በጅባራው መካከል፣ እንደ ቆመች ተገኘች።

ሸንጎው ክምር ድንጋይ ላይ ተሰበሰበ።

አውራ ዶሮ “ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል” ሲል ጀመረ። ዕንቁላል ጥሎም ታቅፎም የማያውቅ መሆኑን ያነሣበት አልነበረም። እማማ ላም “ዋንዛዬ ፍል ውሃ ወስዳችሁ ሰባት ቀን አስነክሯት፤ የኔን ጉልበት ያሻለ የሷን ልብ አያቅተውም” አለች። አያ አህያ “እኔም ያየሁትን አይቻለሁ። ይኸው እጭናለሁ” አለና ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። አያ ቁራ “አማኑኤል ትግባ!” ብሎ ሳቀ፤ ጉባኤው ተከትሎት ሳቀ።

አማኑኤል ማለት አዲስ አበባ ያለው፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተከፈተው፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ የኖረው ቤት ነው። ስንቱን ተቀብሎ፣ ስንቱን አክሞ ወደ ቤቱ ሸኝቷል። ስሙ ግን በየመንደሩ መሳለቂያ ሆኖ ቀረ። የሚያክመውን ቤት ስድብ ያደረገ ሕዝብ የታመመ ዕለት ወዴት ሊሄድ እንዳሰበ እኔ አይገባኝም።

ፊታውራሪ ጭላዳ ጎፈሩን አራግፎ ብይን ሰጠ። ዳማ በደህና በዋለች ቁጥር አያ ቁራ አንድ ጠጠር ይከምር። ጠጠሩ መቶ ሲሞላ ዳማ ድናለች ይባላል፤ ጠላ ይጠመቃል፤ እሷም ትጭናለች። በመካከሉ ከወደቀች ግን ክምሩ ይፈርሳል፤ ቆጠራው ከአንድ ይጀመራል።

“ለሷው ብለን ነው” አለ ፊታውራሪ። ከልቡ ነበር የተናገረው። የተቆፈረው ድንች ተሸካሚ አጥቶ ሜዳ ላይ እየበሰበሰ መሆኑም ከልቡ አልወጣም ነበር።

ከሸንጎው ራቅ ብሎ፣ ገደል አፋፍ ላይ ካለ የተሰነጠቀ አለት ውስጥ እመት ሽኮኮ ትኖር ነበር። ትንሽ ናት፤ ዳማ ካላጎነበሰች አታያትም። ሙያዋን ጎንደር ተምራ መጣች የሚሉ አሉ፤ ጉባኤው ግን ሙያ መሆኑንም ይጠራጠር ነበር። ቅጠል አትበጥስም፣ ሥር አትምስም፣ አትደግምም። ትቀመጣለች፣ ትጠይቃለች፣ ቀጠሮ ትሰጣለች። “ለማውራትማ እኛ አለን አይደል?” ይል ነበር አውራ ዶሮ። እውነቱን ነው፤ ማውራት ያውቅ ነበር።

ዳማ አንድ ማክሰኞ ሄደች። ስንጥቁ ስለማያስገባት ደጅ ቆመች።

“እማማ፣ ምን ብዬ ልጀምርልዎ?”

“ዛሬ ምንም አትጀምሪ። እዚህ ቆመሽ ሳለ ድምፅ ከየት ቢመጣ ይከፋሻል?”

“ከኋላዬ።”

“እንግዲያው ዞረሽ ጀርባሽን ለአለቱ ስጪው። አለት አይተኩስም።”

ዳማ ዞረች። ታፋዋ ቀዝቃዛውን ድንጋይ ነካ። ከነሐሴ 2013 ወዲህ ወደ ኋላ ተቀስረው የኖሩት ጆሮዎቿ፣ መጀመሪያ አንዱ፣ ቆይቶ ሌላው፣ ወደ ፊት ተመለሱ። ማዶ ገብሱ ሲወዛወዝ አየች። እመት ሽኮኮ ጆሮዎቹን እያየች ዝም አለች። ፀሐዩ አለቱን እስኪለቅ እንዲሁ ቆዩ። “ማክሰኞ እንገናኝ” አለች፤ ተለያዩ።

ያን ሳምንት ዳማ ተኛች። ክምሩ ላይ ጠጠር ተጨመረ፣ ሌላም ተጨመረ። ፊታውራሪ ጌሾ ይውረድ አለ።

ቀጥሎ እመት ሽኮኮ ያን መንገድ በአፏ እንድትሄደው ጠየቀቻት። በእግሯ አይደለም፤ በአፏ። ከበረቷ ተነሥታ እስከ ክምር ድንጋይ፣ በሌላው ማክሰኞ ትንሽ እልፍ ብላ፣ በሌላው ደግሞ ከተማው እስከሚታይበት አፋፍ። የት ጋ ልብሽ መምታት ጀመረ? ምን ሸተተሽ? ማን አጠገብሽ ነበር?

እዚህ ላይ ነገሩ ከፋ። አስቀድሞ ለታማሚውም ለቤተሰቡም ሊነገር የሚገባው ይህ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ግን አይነገርም። አፍነው የኖሩትን ማውጣት ሲጀምሩ ፊት የሚመጣው እፎይታ አይደለም። ሕልሙ ይበረታል፣ ላቡ ይመለሳል፣ ንዴቱ ያልበደለ ሰው ላይ ያርፋል። ዳማ አያ አህያን ነከሰችው። በምንም አልነካትም፤ “እንዴት አደርሽ” ነው ያላት። አያ ቁራ 31 ጠጠር የደረሰውን ክምር በእግሩ መትቶ በተነው።

ዳማ ከእመት ሽኮኮ ቀረች። ማክሰኞ አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ። እመት ሽኮኮ አልተቆጣችም፣ ሽማግሌም አልላከች። በእርግብ አንድ ቃል ብቻ ላከች፦ “ማክሰኞ እዚያው ነኝ።”

በሦስተኛው ዳማ መጣች፤ ለመጣላት ነበር የመጣችው።

“እርስዎ ዘንድ ከመምጣቴ በፊት ይሻለኝ ነበር!”

“ያኔ ከክምር ድንጋይ ወዲያ ትሄጂ ነበር?”

“አልሄድም።”

“ትተኚስ ነበር?”

“አልተኛም።”

“አልተሻለሽም ነበር እንግዲህ። ለምደሽው ነበር።”

ዳማ መልስ አጣች። ቆይታ “ፀበል ግቢ እያሉኝ ነው” አለች፣ ጠብ ያላለቀ እንዲመስል።

“ግቢ። እኔና ፀበሉ አልተጣላንም። ማክሰኞን ግን እንዳትቀሪ።”

መንገዱ በአፍ እስከ ዳር ከተሄደ በኋላ የጅራፉ ነገር መጣ። እመት ሽኮኮ ያንኑ ግልገል ጭላዳ አስጠራችው። ልጁ ከዚያች ቡሄ ጀምሮ ዳማን ባየ ቁጥር ይሸሽ ነበር፤ እሱም ጠባሳ ነበረው፣ ማንም አልጠየቀውም እንጂ። ከሸለቆው ማዶ፣ ከነጅራፉ በሚታይበት፣ ግን ጣት በሚያህልበት ርቀት ላይ አቆመችው።

“ከመሬት ተነሥቶ አያጮኸውም” አለቻት። “አንቺ ‘በል’ ስትዪው ብቻ ነው። ካላልሽው ይዞት ወደ ቤቱ ይሄዳል።”

የመጀመሪያው ዕለት ዳማ አላለችም። ልጁ ጅራፉን ጠቅልሎ ሄደ። በሌላው ቀጠሮ “በል” አለች፤ ሹክሹክታ ስለነበረ ማዶ አልደረሰም። ልጁ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ አዘነበለ። ዳማ በንዴት ጮኸች፦ “በል እንጂ!” ጅራፉ ዞረ፣ ወጣ፣ ወረደ። ዓይን መውረዱን ካየ በኋላ ነው ድምፁ ሸለቆውን አቋርጦ የደረሰው፤ ጧ! የትከሻዋ ቆዳ ዝንብ እንዳረፈበት ተርገበገበ። ኮቴዎቿ ግን ከቆሙበት አልተነሡም። ወደ ታች አየቻቸው፤ የራሷ መሆናቸውን የተጠራጠረች ይመስል ነበር።

“ድገመው ልበለው?” አለች።

“ያንቺ ፈንታ ነው።”

በየቀጠሮው ልጁ እየቀረበ መጣ። ከሸለቆው ወዲህ ተሻገረ፣ ወደ ጅረቱ ወረደ፣ ከአለቱ ሥር ደረሰ። አንዳንድ ማክሰኞ ደግሞ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ዳማ ሳትተኛ አድራ ከመጣች እመት ሽኮኮ “ዛሬ እዚያው ማዶ ይሁን” ትላለች። አያ ቁራ ዛፍ ላይ ሆኖ ይህን ሁሉ ያያል። ልጁ ሲቀርብ ጠጠር ይጨምራል፤ ሲርቅ ምን እንደሚያደርግ ግን ብይኑ ስላልነገረው ይጨነቃል።

በ2015 ጥር ጠጠሩ 93 ደረሰ። ጠላው ተጠመቀ፣ ዳቦው ተደፋ፣ ፊታውራሪ ንግግሩን አጠና። በዚያው ሰሞን ከሸንጎው በታች ባለው መንደር ሠርግ ነበርና ሚዜዎቹ ሙሽራዋ ስትወጣ በደስታ ወደ ሰማይ ተኮሱ። እንዲህ ነው የኛ ደስታ፤ ያለ ጥይት የደመቀ አይመስለንም።

ዳማ ፈረጠጠች።

አያ ቁራ ክምሩን መታው። ጠጠሮቹ እየተንከባለሉ ቁልቁል ወረዱ። “ተመለሰባት” አለ። ቃሉ ከአፍ አፍ እየተቀባበለ፣ ዳማ ራሷ በረቷ ሳትደርስ መንደሩን አዳረሰ። አውራ ዶሮ ዕንቁላሉን ደገመው። የተጠመቀው ጠላ እንዳይበላሽ ተብሎ ተጠጣ።

“ባዶ ነኝ” አለቻት ለእመት ሽኮኮ። “እንዳልጀመርኩ ነኝ።”

“እስከየት ሮጥሽ?”

“እስከ ወንዙ።”

“ያን ጊዜስ?”

“እስከ ጅባራው።”

“ከወንዙ መቼ ተመለስሽ?”

“ሲመሽ።”

“ማን ፈልጎ አመጣሽ?”

ዳማ አሰበች። “ማንም። እኔው ነኝ የመጣሁት።”

እመት ሽኮኮ ዝም ብላ ቆየችና “ጋፋትን ታውቂዋለሽ?” አለቻት። “እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩት እዚያ ነው፤ ሰባ ኩንታል ገደማ የሚመዝን መድፍ። በ1860 ዓ.ም. ከጥቅምት እስከ መጋቢት መንገድ እያስጠረጉ፣ ራሳቸውም ድንጋይ እያነሡ፣ መቅደላ አስጎትተው አደረሱት። መንገዱ ሜዳ አይደለም። ጅዳን ይወርዳል፣ ደላንታ ይወጣል፣ እንደገና በሽሎን ይወርዳል። መድፉ ጅዳ ሲወርድ ከአፋፉ ሆኖ ያየ ‘አበቃለት፣ ወደቀ’ ይላል። ጅዳን ሳይወርድ ደላንታ የገባ ግን የለም።”

ዳማ አንገቷን ወዘወዘች። “መድፉ መቅደላ ደርሶ ምን በጀ? ንጉሡ እዚያው ሚያዝያ 6 ቀን ሞቱ። መድፉም እስከ ዛሬ እዚያው ተጎልቷል። እኔም ወጥቼ ወርጄ አምባ ላይ ልጎለትና ቱሪስት ፎቶ ያንሳኝ?”

እመት ሽኮኮ እስክታስል ሳቀች። “ምሳሌዬን ገደልሽው። በይ የራስሽን አምጪ።”

ዳማ ከጦርነቱ ወዲህ ስትቀልድ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። አያ ቁራ ለቀልድ የሚሆን ጠጠር አልነበረውም።

በሸንጎው አልፈርድም ብል እዋሻለሁ። ክፋት አልነበረም ጥፋታቸው፤ ሒሳብ ነበር። 93 ቀን የቆመችን አንድ ቀን ስለወደቀች ባዶ ናት የሚል ሒሳብ የትኛውም ነጋዴ ሱቁ ውስጥ አይሠራበትም። ከሰው ሕመም ጋር ሲሆን ግን ሁላችንም እንሠራበታለን። “አሁንም መድኃኒት ላይ ነህ?” “እስካሁን ትመላለሻለሽ እንዴ?” “ድነሽ አልነበር?” እንላለን። የወደቀችው ውድቀቷ አንሶ የኛን ማዘን ጭምር ትሸከማለች፤ ከዚያ መውደቋን መደበቅ ትጀምራለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብለን የምንተርተው እኛው፣ የሚደበቅበትን ጉድጓድ የምንቆፍረውም እኛው ነን።

በ2015 ክረምት ሌላ ጦርነት መጣ፤ ይኼኛው በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል። ደብረ ታቦርም ተኩሱን በደጇ ሰማች። ሸንጎው ማን ልክ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ሲከራከር ይውላል፤ እኔ ዳማን ልከተል። ተኩሱ ሲጀምር ዳማ በረቷ ጥግ ተለጠፈች፣ ሁለት ቀን አልወጣችም። አያ ቁራ አዲሱን ክምር አፈረሰ።

መንገድ ሲከፈት ሄደችና “ይኸው ደግሞ ወደቅሁ” አለቻት።

“ይኼኛው መውደቅ አይደለም” አለች እመት ሽኮኮ። “እኔም ስንጥቄ ውስጥ ገብቼ ነበር። ጥይት ሲተኮስ መደበቅ ጤና ነው።”

“ታዲያ ጅራፍ የቱ ነው፣ ጥይት የቱ ነው? በምን ልለየው?”

ከሁሉም የከበደው ጥያቄ ይህ ነበር፤ እመት ሽኮኮም ወዲያው አልመለሰችውም። ጦርነት አልቆ ሰላም በወረደበት አገር የታማሚው ሥራ “አልፏል” ብሎ ሰውነቱን ማሳመን ነው። ያላለፈ ነገር ግን አልፏል አይባልም። ስለዚህ ሌላ ነገር መለማመድ ጀመሩ። ድምፅ ስትሰማ ከመሮጧ በፊት ዞራ ማየት። ከየት መጣ? ተከታይ አለው? ሌላው ፍጥረት ምን እያደረገ ነው? ወፎቹ ተነሡ ወይስ እየለቀሙ ነው? አንዳንዴ መልሱ “ሩጪ” ይሆናል፤ ያኔ ትሮጣለች፤ አታፍርበትም። ብዙ ማክሰኞዎች ታለፉ፤ መንገድ ሲዘጋ ቀጠሮም አብሮ ይዘጋል። ጉና ላይ ሰላም እስኪመጣ ይጠበቅ ቢባል ግን የሚጀምርም አይኖርም ነበር።

ከዚያ የ2016 ቡሄ መጣ። ሸንጎው ዳማን መካከል አቁሞ ዙሪያውን ተቀመጠ፤ ይፈትናት ነበር፣ ባይለውም። አያ ቁራ ክምሩ አጠገብ እግሩን አዘጋጅቶ ቆሟል። ያን ጊዜ ከሌላ ቀበሌ የመጣ፣ የሸንጎውን ነገር የማያውቅ አንድ እንግዳ ግልገል ከቁጥቋጦው ጀርባ ጅራፉን ሳይታሰብ አጮኸው።

ዳማ ተንቀጠቀጠች። ላቧ ወረደ። አንገቷን አዞረች፣ ቁጥቋጦውን አየች፣ ልጁን አየች፣ ጅራፉን አየች። ከዚያ ዙሪያውን ስታይ የቆመ አልነበረም። ፊታውራሪ ጭላዳ ገደሉ ላይ ተንጠልጥሏል። አውራ ዶሮ ቀጋው ውስጥ ጭንቅላቱን ቀብሮ ጅራቱን ለዓለም ትቷል። እማማ ላም በጉልበቷ ወድቃለች። አያ አህያ መሬት ላይ ተኝቶ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ማንም ከአፉ ሰምቶት የማያውቀውን ስም ይጠራል። አያ ቁራ ከሁሉም ርቆ ሰማይ ላይ ነው፤ ሲነሣ ክምሩን አፍርሶታል።

“ልጅ ነው” አለች ዳማ። “ጅራፍ ነው። ቡሄ ነው ዛሬ።”

አንድ በአንድ ተነሡ። አንዱ የሌላውን ዓይን አልደፈረም። አያ ቁራ ወርዶ ከለመደው ቦታ ቆመና ጠጠሮቹን አየ፤ ለማን እንደሚቆጥር ግን ግራ ገባው።

ሦስት ቀን ጉባኤ ተደረገ። ለእያንዳንዱ ክምር ይጀመር የሚል ሐሳብ ቀረበ። ከዳር ሆኖ ሲሰማ የቆየው አያ ጃርት “የጉና ጠጠር አይበቃም” አለ፤ ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ። ፊታውራሪ ቆጠራው “ለጊዜው” እንዲቆም አዘዘ። አያ ቁራ አሁንም በልቡ ይቆጥራል ይባላል፤ ልማድ ነው።

ከዚያ በኋላ እመት ሽኮኮ ዘንድ እግር በዛ፤ ቀን ግን አይደለም፣ ሲመሽ፣ በጓሮ በኩል። አያ አህያ አንድ ማታ መጥቶ ብዙ ቆመ። “ምን ልርዳህ?” ስትለው “ዳማን ፈልጌ ነው” ብሎ ተመለሰ። በሌላው ሳምንት ዳማን ሳይፈልግ መጣ።

እመት ሽኮኮ አንዲት ናት፤ ለተራራው ሁሉ አልበቃ አለች። ከደቡብ የመጣች ተጓዥ ወፍ ነገሩን ሰምታ የዚምባብዌን ወሬ ነገረቻቸው። እዚያ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የአእምሮ ሐኪም፣ ሐኪም ለሕዝብ አልበቃ ቢለው፣ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሰፈር አያቶችን ማሠልጠን ጀመረ። አሮጊቶቹ ከጤና ጣቢያው ደጅ የእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የመጣውን ሰው ያዳምጣሉ፣ ችግሩን አብረው ይፈታሉ። “ምክር አይሰጡም?” አለ አውራ ዶሮ ደንግጦ። “መጀመሪያ ይሰማሉ” አለች ወፏ። እማማ ላም ይህን ሰምታ ማክሰኞ ማክሰኞ ከአለቱ ደጅ ትቀመጥ ጀመር። የዋንዛዬን ነገር ላለማንሣት ብዙ ትታገላለች፤ አንዳንዴ ያመልጣታል።

ዳማ ዛሬ ትጭናለች፤ ግማሽ ጭነት። ከክምር ድንጋይ አልፋ ነፋስ መውጫ እስከሚታይበት አፋፍ ሁለት ጊዜ ሄዳ፣ ሁለት ጊዜ ከዚያ ተመልሳለች። ጭጋግ ባለበት ቀን አትወጣም። ባለፈው ወር ሦስት ሌሊት ቆማ አደረች፤ በአራተኛው ተኛች። ማክሰኞ ማክሰኞ ትሄድ የነበረችው አሁን በየሁለት ሳምንቱ ነው፤ ስትፈልግ በየሳምንቱ ትመለሳለች።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ፣ ቤታችሁ ዳማ ካለች ስንት ሞላሽ አትበሏት። ቀጠሮዋ መቼ እንደሆነ ጠይቋት፤ የቀረችበት ሳምንት ካለ “የሚቀጥለው አልተዘጋም” በሏት፤ መንገዱ ክፍት ከሆነም ሸኟት። የቡሄ ጅራፍ አይቅር፤ ወጋችን ነው። ልጆቹ ብቻ ከማጮኻቸው በፊት “ልናጮኽ ነው!” ብለው ይጣሩ።